ከ1050 ቲአይና ከአርኤክስ 570 የቱን እንግዛ?

ባለፉት ጥቂት ወራት ለመጽሔታችን ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የመጣው ስለ ፈተና ወይም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ አልነበረም። «ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝተናል፤ ጌም እንዲያጫውተን የቱን ግራፊክስ ካርድ እንጨምርበት?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ በአንድ ክፍል የሚኖሩ አራትና አምስት ተማሪዎች ናቸው። ገንዘቡም ከየቤተ ሰቡ ከሚላከው የኪስ ገንዘብ ተቀንሶ የተጠራቀመ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ በከንቱ ከፈሰሰ ሁለተኛ አይገኝም። ነገሩን እንደ ተራ ጨዋታ ቈጥረን ልናልፈው ያልወደድነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ተማሪ ከመጽሐፍ ሌላ ምን ያሻዋል?» ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ኳስ የሚጫወተውን ማንም አልከሰሰውም።

ጠያቂዎቹ ሁሉ በመጨረሻ የሚቆሙት በሁለት ካርዶች መካከል ነው። አንደኛው የኤንቪዲያ ኩባንያ በኦክቶበር 2016 ለገበያ ያወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። ሁለተኛው የኤኤምዲ ኩባንያ በኤፕሪል 2017 ያወጣው አርኤክስ 570 ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈነዋል።) በወጡበት ጊዜ የፊተኛው ዋጋ 139 ዶላር፣ የኋለኛው 169 ዶላር ነበር። ዛሬ ሁለቱም የሚገኙት በአብዛኛው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲዘዋወሩ ነው። ስለዚህ የገዢው ጥያቄ ሁለት ነው፤ የትኛው ካርድ ይሻላል የሚለው አንድ፣ ይህ በእጄ የያዝሁት ካርድ በእርግጥ ያ የተባለው ካርድ ነውን የሚለው ሁለት።

በመጀመሪያ ካርዱ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። የአንድ ተራ ሞኒተር ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ጌሙ ሳይቈራረጥ እንዲሄድ ይህ ሁሉ ነጥብ በሰከንድ 60 ጊዜ እንደገና ቀለም መቀባት አለበት፤ ይኸውም በሰከንድ ከ124 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ማለት ነው። የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር ጥቂት ብልሆች የተቀመጡበት ሸንጎ ነው ብንል፣ ግራፊክስ ካርዱ ደቦ ነው። እያንዳንዱ ደቦተኛ የተሰጠውን ትንሽ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያጭዱ ማሳው ወዲያው ያልቃል።

በዚህ ዓይን ብናያቸው 1050 ቲአይ 768 ደቦተኞች አሉት፤ አርኤክስ 570 ግን 2048። የስሌት ኀይላቸው በወረቀት ላይ ሲታሰብ የፊተኛው በሰከንድ 2 ትሪሊዮን ያህል፣ የኋለኛው 5 ትሪሊዮን ያህል ስሌት ይሠራል። ይህን ያየ ሰው 570 ሁለት እጥፍ ተኩል ይፈጥናል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሻጮችም ይህንኑ ቍጥር እየጠቀሱ ይሟገታሉ። በተግባር ግን በብዙ ጌሞች የሚታየው ብልጫ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ያህል ነው። 1050 ቲአይ በሰከንድ 40 ፍሬም በሚሰጥበት ጌም፣ 570 ከ53 እስከ 60 ይሰጣል ማለት ነው።

የቀረው ብልጫ የት ሄደ? አጫጁ ቢበዛ ነዶውን ወደ አውድማ የሚያጓጉዘው ካልበዛ እህሉ ማሳው ላይ ይከማቻል። የተሰላውን ነጥብ በመጨረሻ ወደ ሚሞሪ የሚጽፈው የካርዱ ክፍል በሁለቱም ካርዶች እኩል 32 ነው። እንዲያውም 1050 ቲአይ በ1392 ሜጋኸርዝ፣ 570 ግን በ1244 ሜጋኸርዝ ፍጥነት እንዲሠሩ የተወሰኑ ስለ ሆነ፣ በዚህ በኩል ትንሹ ካርድ ትልቁን ይቀድመዋል። ከዚህም በላይ የአንዱ ኩባንያ ደቦተኛ ከሌላው ኩባንያ ደቦተኛ ጋራ በሥራ አይተካከልም። የኤኤምዲ ካርድ ሁሉንም ሠራተኞቹን ዘወትር በሥራ ጠምዶ ለመያዝ ይቸገራል፤ የጌሙ አዘጋጅ ሥራውን አመቻችቶ ካላቀረበለት ብዙዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው ይቆማሉ። ስለዚህ የካርድን ዋጋ በሠራተኞች ቍጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ሊታለል ይችላል።

ሚሞሪን በተመለከተ ግን 570 የማያጠራጥር ብልጫ አለው። በሁለቱም ካርዶች ላይ የተተከለው ሚሞሪ አንድ ዐይነት ነው፤ በእያንዳንዱ መሥመር በሰከንድ 7 ጊጋቢት ያመላልሳል። ልዩነቱ የመንገዱ ስፋት ነው። የ1050 ቲአይ መንገድ ባለ 128 መሥመር፣ የ570 ባለ 256 መሥመር ነው። ሲሰላ የፊተኛው በሰከንድ 112 ጊጋባይት፣ የኋለኛው 224 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ኤንቪዲያ የመንገዱን ጥበት በዘዴ ለማካካስ ሞክሯል፤ ካርዱ ሥዕሉን በትናንሽ ጋሻ መሬት እየከፈለ ስለሚሠራው ወደ ሚሞሪ የሚደረገው ምልልስ ይቀንስለታል። ቢሆንም የጌሙ ጥራት ከፍ በተደረገ መጠን ጠባቡ መንገድ ይጨናነቃል። በመጠን በኩል 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን፣ 570 በ4ም በ8ም ጊጋባይት ተሠርቷል። ባለ 8ቱ በተቀራረበ ዋጋ ከተገኘ ባለ 4ቱን መመልከት አያስፈልግም።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ነገሩ አለቀ፣ 570 አሸነፈ ይል ይሆናል። ነገር ግን ካርድ ለብቻው አይሠራም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ብዙዎቻችን የምንገዛው ኮምፒዩተር ደግሞ በባሕር ማዶ ቢሮ ውስጥ አገልግሎ፣ ጊዜው ሲያልፍ ተሽጦ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው የብዙ ተማሪ ገንዘብ የሚቀልጠው።

ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ በደንቡ መሠረት የሚሰጠው ኀይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። 1050 ቲአይ የተሠራው ልክ በዚህ ጣሪያ ሥር እንዲያድር ነው፤ ብዙዎቹ ምንም ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፣ ይሰካሉ ይሠራሉ። (ፋብሪካው ፍጥነት ጨምሮባቸው ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቁ አንዳንዶች አሉና ከመግዛት በፊት ጠርዙን አገላብጦ ማየት ይገባል።) አርኤክስ 570 ግን 150 ዋት ያህል የሚወስድ ነው፤ አብዛኞቹ ባለ 8 ፒን ገመድ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ይጠይቃሉ። ኤኤምዲ ራሱ ለዚህ ካርድ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል፤ ኤንቪዲያ ለ1050 ቲአይ የሚመክረው 300 ዋት ነው።

የቢሮ ኮምፒዩተር ምን አለው? በብዛት ከሚታዩት አንዱን፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020ን እንውሰድ። የትልቁ ሣጥን ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት፣ የትንሹ ሣጥን 255 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም ይዞ አይመጣም። «ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን እንለውጠው» የሚል ይኖራል። በተራ ማዘርቦርድ ላይ ቢሆን ደግ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን የዚህ ማሽን ማዘርቦርድ በገበያ የሚሸጠውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ አይቀበልም፤ የራሱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ አለው። ስለዚህ ለካርዱ ፓወር ሰፕላይ፣ ለፓወር ሰፕላዩ መለወጫ ገመድ መግዛት ሊኖር ነው። በትንሹ ሣጥን ውስጥማ ተራ መጠን ያለው ካርድ ራሱ አይገባም፤ እዚያ የሚሆነው ቁመቱ አጭር ሆኖ የተሠራው 1050 ቲአይ ነው።

አንዳንድ ሱቆች ለዚህ ችግር የሚሰጡት መፍትሔ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ ግራፊክስ ካርድ ገመድ የሚለውጥ ቀጭን መለወጫ ነው። በአንድ ክፍል የሚኖሩ አምስት ጓደኞቻችን በዚህ ምክር 570 ገዝተው ነበር። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ዊንዶውስም ገባ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ጌሙ ተከፍቶ ካርዱ ሙሉ ኀይሉን በጠየቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞክረው በአራተኛው ፓወር ሰፕላዩ ጨርሶ ሞተ። ካርዱ ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ለትምህርት የሚጠቀሙበትም ስለ ነበር የሴሚስተሩን የመጨረሻ ጽሑፍ በሌላ ክፍል ኮምፒዩተር በተራ እየጠበቁ ጨረሱት። ሱቁ «ገመዱ ደኅና ነው» ብሎ አሰናበታቸው፤ እውነትም ነው፣ ገመዱ ደኅና ነበር። ያልተቻለው በአነስተኛ ኀይል የተሠራው ፓወር ሰፕላይ ነው።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ኮምፒዩተራችሁ ያልተነካ የቢሮ ማሽን ከሆነ 1050 ቲአይን ግዙ፤ ስለ ሲሶው ብልጫ አትቈጩ። ኮምፒዩተራችሁ ተራ ሣጥንና እውነተኛ የ450 ወይም የ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ካለው ደግሞ ሌላ ክርክር አያስፈልግም፤ 570 ይሻላል። «እውነተኛ» ማለታችን በከንቱ አይደለም። በላዩ 500 ተብሎ ተጽፎበት ሲያነሡት እንደ ገለባ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ የጻፈውን አይሰጥም።

የመብራቱንም ወጪ በአጭሩ እናስላው። የሁለቱ ልዩነት 75 ዋት ያህል ነው። በቀን አራት ሰዓት የሚጫወት ክፍል በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይፈጃል፤ ይህ ብዙ አይደለም። የሚያስቸግረው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ትንሽ ዩፒኤስ ያለው ሰው በ570 ሲጫወት ጌሙን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን ለመዝጋት የሚያገኘው ጊዜ ያጥርበታል።

ቀጥሎ ስለ ካርዶቹ የቀድሞ ሕይወት ጥቂት መናገር ይገባናል። አርኤክስ 570 የተሠራው ለጌም ነበር፤ ነገር ግን ከ2017 ጀምሮ ኢቴሪየም የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት በጣም ተስማሚ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ብዙው በየመጋዘኑ ተደርድሮ ሌትና ቀን ሠርቷል። የተወደደውም በዚያው ሰፊ የሚሞሪ መንገዱ ነው። በ2018 መጨረሻ የዲጂታል ገንዘቡ ዋጋ ሲወድቅ ካርዱም ረክሶ ከ1050 ቲአይ በማይበልጥ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በ2020 መጨረሻ ለሥራው የሚያስፈልገው ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ሆነና ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶች ከዚህ ሥራ ወጡ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ደግሞ ኢቴሪየም አሠራሩን ለውጦ በግራፊክስ ካርድ ማውጣት ፈጽሞ ቀረ፤ የቀሩትም ባለ 8 ጊጋባይቶች ለገበያ ፈሰሱ። ዛሬ በእጃችን የሚገባው 570 ከእነዚህ አንዱ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ይሸሻል። በበኩላችን ሽሽቱ ከልክ ያለፈ ይመስለናል። ቺፑን ይበልጥ የሚጐዳው አንዴ መጋል አንዴ መቀዝቀዝ ነው፤ በመጋዘን የዋለ ካርድ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሙቀት ላይ ረግቶ ይኖራል። በእርግጥ የሚያልቀው ማራገቢያውና በቺፑ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ነው፤ ሁለቱም በትንሽ ወጪ ይለወጣሉ። የባሰው ሌላ ነው። ባለመጋዘኖቹ ሥራው እንዲፈጥንላቸው የካርዱን ባዮስ ይለውጡ ነበር፤ እንደ ተለወጠ የተሸጠ ካርድ በጌም ውስጥ ሥዕሉን ያበላሻል ወይም ኮምፒዩተሩን ያስቆማል። ብዙ ካርዶች በጠርዛቸው ላይ ወደ ሁለተኛው ባዮስ የሚያሻግር ትንሽ ማብሪያ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን መሞከር ነው። ስለ ሆነም ካርዱን ተሰክቶና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጌም ሲያሄድ ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ፣ የእናንተም ገንዘብ ጊዜ የለውም በሉት።

1050 ቲአይን የያዘው ችግር ደግሞ የሐሰት ካርድ ነው። በ2010 እና በ2011 የወጡትን ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የተባሉ አሮጌ ካርዶች ባዮሳቸውን ለውጠው፣ ስማቸው «1050 ቲአይ» ተብሎ እንዲነበብ አድርገው የሚሸጡ አሉ። ዊንዶውስ ስሙን እንደ ተጻፈ ያነባል፤ ስለዚህ ሻጩ በስክሪን ላይ ቢያሳያችሁ ማስረጃ አይሆንም። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ከ2018 ወዲህ እንዲህ ያለውን ካርድ ለይቶ ሐሰት መሆኑን ይጽፋል። በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። የእውነተኛው ካርድ ቺፕ ጂፒ107 ተብሎ ይነበባል።

በኤኤምዲ በኩል ደግሞ በስም ያልተዋሸ፣ ነገር ግን የሚያደናግር ነገር አለ። በ2018 በቻይና ገበያ የወጣው «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» በስሙ 580 ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ እንደ 570 2048 ናቸው፤ እውነተኛው 580 2304 አለው። መጥፎ ካርድ አይደለም፤ በ570 ዋጋ ከተገኘ ይገዛል፣ በ580 ዋጋ ግን አይገዛም።

ስለ ድራይቨር ያለው ዜና ለሁለቱም የሚያስደስት አይደለም። ኤኤምዲ በ2023 የ570ን ትውልድ ከዋናው የድራይቨር ሥራ ለይቶ፣ አስፈላጊ ማስተካከያ ብቻ በሚደረግበት መሥመር አስቀምጦታል። ኤንቪዲያም የ1050 ቲአይን ትውልድ እስከ ኦክቶበር 2025 ድረስ ብቻ ለአዳዲስ ጌሞች አዘጋጅቶ አቁሟል፤ የደኅንነት ማስተካከያ ግን እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚሰጥ ተናግሯል። በዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው በዚህ ረገድ ብዙ የሚያማርጥ የለም። በሊኑክስ ለሚጠቀም ግን 570 የተሻለ ነው፤ ድራይቨሩ ክፍት ሆኖ በሕዝብ የሚጻፍ ስለ ሆነ ኩባንያው ቢተወውም የሚጠግነው አይጠፋም።

ለትምህርትም ልንጠቀምበት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ይሁን ወላጅ ማሳመኛ አንመረምርም። በብሌንደር ሥዕል ለሚያዘጋጁት 1050 ቲአይ ይሻላል፤ ምክንያቱም ብሌንደር በ2021 ኦፕንሲኤልን ከተወ ወዲህ 570 በሳይክልስ ሥዕሉን ለማውጣት አያገለግልም፤ ሥራው ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። በኩዳ ስሌት ለሚለማመዱትም ያለው 1050 ቲአይ ብቻ ነው፤ ሆኖም በ2025 የወጣው ኩዳ 13 ይህን ትውልድ ስለ ጣለው ከእርሱ በፊት ያለውን ዕትም መጠቀም ግድ ይላል።

ምን ይጫወቱበታል? ዶታ 2፣ ጂቲኤ 5፣ ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ እነዚህ ሁሉ በሁለቱም ይሄዳሉ። በካውንተር ስትራይክ 2 እንዲያውም ፕሮሰሰራችሁ አሮጌ ከሆነ ሁለቱ ካርዶች ተቀራራቢ ሆነው ልታዩአቸው ትችላላችሁ፤ ሸንጎው ሥራ ካልሰጠ ደቦው ቆሞ ይጠብቃልና። በ2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ግን የብርሃንን ጨረር በካርዱ ውስጥ የሚያሰላ ክፍል ስለሚጠይቁ በሁለቱም አይከፈቱም፤ ሰቲንግ ዝቅ ማድረግ አይረዳም። ለከባድ ጌሞች ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር የተባለ ዘዴ ሥዕሉን በትንሹ ሠርቶ ስለሚያሳድገው ብዙ ፍሬም ያተርፋል። የሚገርመው ይህ የኤኤምዲ ዘዴ በኤንቪዲያው 1050 ቲአይም ላይ መሥራቱ ነው፤ የኤንቪዲያ የራሱ ዲኤልኤስኤስ ግን በገዛ ካርዱ በ1050 ቲአይ ላይ አይሠራም።

ካርዱን ይዛችሁ ወደ ክፍላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የሞኒተራችሁን ገመድ ተመልከቱ። ከቢሮ ኮምፒዩተር ጋራ የሚመጡት ብዙ ሞኒተሮች በሰማያዊው የቪጂኤ ገመድ የሚሠሩ ናቸው። 1050 ቲአይም ሆነ 570 የቪጂኤን ዐይነት ምልክት ከቺፓቸው አያወጡም፤ በዲቪአይ ላይ የሚሰካው ርካሽ መለወጫም አይሠራም፣ በውስጡ ምልክቱን የሚቀይር ቺፕ ያለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ገመድ ያስፈልጋል። የዚህን ገመድ ዋጋ ከመዋጮው ላይ አስቀድሞ ማስቀረት ነው። ሻጩ «የእኔ 1050 ቲአይ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ አለውና አትቸገሩ» ካላችሁ ደግሞ ጂፒዩ ዜድን ሳትከፍቱ ከሱቁ አትውጡ፤ የሐሰተኞቹ ካርዶች አንዱ ምልክት ይኸው መሰኪያ ነው።